ከሳፋው እስከ ስሙ

የተከበራችሁ የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ ክቡራን እንግዶች፤

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ አዳራሽ ከመምጣቴ በፊት በአሞራ ገደል በኩል አለፍኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፤ ልጆቹ ዓሣ ይገፍፋሉ፤ አባ ኮዳዎቹም ድርሻቸውን ሊለቅሙ አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። ሳፋው ውስጥ ያለው ያው የምናውቀው ቆሮሶ፣ አምባዛና ጥቂት ቢልጫ ነው። ሦስቱም ሳይንሳዊ ስም ካገኙ ዘመናት አልፈዋል፤ ነገር ግን አንዳቸውም ስማቸውን ያገኙት በሐዋሳ ዓሣ አይደለም። የስዊድኑ ተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ቆሮሶን የሰየመው በናይል ዓሣ፣ በርቼል በ1822 አምባዛን የሰየመው በደቡብ አፍሪካ ዓሣ፣ የፍራንክፈርቱ ሩፔል ደግሞ በ1830ዎቹ ቢልጫን የሰየመው በጣና ዓሣ ነው። የሐዋሳውን በእነዚያ ስሞች የምንጠራው ከእነዚያ ጋር አንድ ነው ብለን ስለፈረድን ነው። አዲስ ዝርያ ተገኘ ሲባልም ብዙውን ጊዜ የተለወጠው ይኸው ፍርድ ነው።

ፍርዱ እንዴት እንደሚለወጥ ጣና በሚገባ አሳይቶናል። ባኒስተር የተባለው ተመራማሪ በ1973 የጣናን ትልልቅ ቢልጫዎች በአንድ ዝርያ ስም ጠቅልሏቸው ነበር፤ አፈ ሰፊውም፣ ከንፈረ ወፍራሙም፣ ቀጭን ረጅሙም መልኩ ይለያይ እንጂ ዝርያው አንድ ነው ተባለ። በኋላ ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የዓሦቹን አካል ለክተው፣ የሚበሉትንና የሚኖሩበትን የሐይቁን ክፍል አመሳክረው፣ በ1997 ሰባት አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጸው አሳተሙ። ከጣና ቢልጫዎች መካከል ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ መኖራቸው በተለይ ያስደንቃል፤ አፋቸው ጥርስ አልባ በሆነው በዚህ ወገን ውስጥ እንዲህ ያለ አዳኝ ብዙም አይገኝምና። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛውን ዓሣ ወደ ላይ ስለማያሳልፍ፣ የሐይቁ ዓሦች ለብቻቸው በየፊናቸው ሊለያዩ ችለዋል። ሰባቱ ዝርያዎች ግን በ1973ም በመረብ ይወጡ፣ በወጥም ይበሉ እንደነበር አትርሱ።

ገበያም ከቤተ ሙከራ ይቀድማል። በ1997 በኢንዶኔዥያዋ ማናዶ ከተማ ገበያ አንድ እንግዳ ዓሣ በጋሪ ሲገፋ ታየ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከምድር ጠፍቷል ተብሎ የነበረው የጥንታዊው ዓሣ የሲላካንት ሁለተኛ ሕያው ዝርያ ሆኖ ተሰየመ። በቀይ ባሕርም ፎርስካል የተባለው የሊኒየስ ተማሪ፣ ለብዙ ዓሦች ሳይንሳዊ ስም የሰጣቸው በአካባቢው ሰዎች የዓረብኛ አጠራር ነው፤ ቦሃርና ሐራክ የሚሉት ስሞች ዛሬም በሳይንስ መዝገብ ይገኛሉ። እኔ በበኩሌ አስጋሪው የሚጠራው ስም ከሁሉ በፊት መመዝገብ አለበት ባይ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሰልቺ ነው። በጎን መስመሩ ላይ ያሉት ቅርፊቶች፣ በየክንፉ ያሉት እሾሆችና ጨረር የሚባሉት ለስላሳ ዘንጎች፣ በስንጥቡ ላይ ያሉት ጥርስ መሰል ዘንጎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ የጭንቅላቱ ርዝመትና የዓይኑ ስፋት በካሊፐር ይለካል፤ ይህም በአንድ ዓሣ ሳይሆን በብዙ ዓሦች ላይ ይደገማል። ዓሣው እንዳይበሰብስ የሚከተትበት ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ፣ ዓሣው ፎርማሊን ከመግባቱ በፊት ከክንፉ ጥቂት ተቆርጦ በንጹህ አልኮል ይቀመጣል። በመጨረሻም ስሙን የሚሸከመው አንድ ዓሣ፣ ሆሎታይፕ የሚባለው፣ ተመርጦ በቋሚ ስብስብ ውስጥ ይቀመጣል፤ መግለጫውም ይታተማል። ተማሪ ሳለሁ የአንድ ቀን ሙሉ ናሙና መለያ ወረቀት በእስክሪብቶ ጽፌ አልኮል ውስጥ ከተትኩ። በሳምንቱ ብከፍተው ቀለሙ ሟሙቶ አልኮሉ ሰማያዊ ሆኗል፤ ዓሦቹ ደህና ናቸው፣ የተያዙበት ወንዝ ግን ጠፍቷል፤ ስለዚህ ለምንም አልሆኑም። ከዚያ ወዲህ ከእርሳስ ሌላ አልያዝኩም።

ይህን ሥራ የእኛም ሰዎች ሠርተውታል። አበበ ጌታሁን ከተመራማሪዋ ስቲያስኒ ጋር በ2007 ከኢትዮጵያ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ገልጸዋል፤ ጋራ ማለት በወራጅ ውኃ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖር፣ ለገበያ የማይበቃ ትንሽ ዓሣ ነው። ለገበያ የማይበቃውን ዓሣ ማን ልብ ይለዋል? መረቡን ሲያራግፍ ወደ ውኃው የሚመልሰው አስጋሪ ያየዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእናንተ ለአስጋሪዎቹ ነው። ከለመዳችሁት የተለየ ዓሣ በመረባችሁ ከገባ አትግፈፉት፣ ሆዱንም አትክፈቱት፤ በረዶ ላይ አድርጋችሁ የተያዘበትን ቦታና ጥልቀቱን፣ እናንተ የምትጠሩበትንም ስም ለተማሪዎቹ ንገሯቸው። እነሱ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከነገ ጠዋት ጀምሮ ከጀልባዎቹ መግቢያ አጠገብ ይጠብቋችኋል።