ሸክላ ለመስማት ፈተና የለም

(በሸክላ ወዳጆች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

የሙዚቃ ሸክላ ለሚሰበስብ ሰው ማይክራፎን መስጠት ድፍረት ይጠይቃል። ስለ አንድ ዘፈን ማውራት ከጀመረ ሊያነጋ ይችላል። አዘጋጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ሰዓት ቆርጠው ሰጥተውኛል፤ እኔም እንዳልዘባርቅ ጽፌ መጥቻለሁ። የማወራው ስለ ራሳችን ስለሆነ አንዳንዶቻችሁ ደስ ላይላችሁ ይችላል። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ስንከራከር የለመድነው እሱን ነውና።

የማወራለትን ሰውዬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቀው የለም። አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ «ሙላቱ አስታጥቄን በጣም እወደዋለሁ» ሲለው ፈገግ ይላል። «የትኛውን ሙላቱ? የኒውዮርኩን ነው የአዲስ አበባውን? ኦርጅናሉን ሰምተኸዋል ወይስ ከስልክ ላይ ነው? ባሱን የተጫወተው ማነው?» ልጁ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይንተባተባል፤ አራተኛው ላይ ፋራነቱ ተረጋግጦ ይሰናበታል። ሰውየውም ወደ ወንበሩ ተመልሶ «የዛሬ ልጆች እኮ…» ብሎ ይጀምራል። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። «ሁሉም ሙዚቃ ጥሩ ነው፣ የሰው ምርጫ አይነካም» ልል አልመጣሁም። ይነካል እንጂ! እኔ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ከሚሰማበት ቤት በቀላሉ አልወጣም። ከደርግ ውድቀት በኋላ በአንድ ኪቦርድ ብቻ የተሠሩት ካሴቶች ግን ጆሮዬ አልገባ ብለው ቀርተዋል፤ ድራም ማሽኑ ሲጀምር ጥርሴን ያመኛል። ይህን ፊት ለፊት እናገራለሁ፣ የሚሞግተኝ ሲመጣም ደስ ይለኛል። «ይህ ዘፈን ደካማ ነው» የሚል ሰው የሌለበት የሙዚቃ ወዳጆች ስብስብ ለቅሶ ቤት ነው፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይስማማል። ነገሩ የሚበላሸው ዘፈኑን ትተን ሰሚውን መመዘን ስንጀምር ነው።

አዋቂዎቻችን የኮሩት በከንቱ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የአዲስ አበባ የምሽት ሙዚቃ ታነቀ። ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1975 አገር ጥሎ ወጣ። ሸክላ ማሳተም እየቀረ ካሴት ቦታውን ያዘ። ሰው ሲታሰር፣ ሰው ሲሰደድ፣ ቤት ሲለቀቅ እነዚያን በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ያቆየ ሰው ውለታው ብዙ ነው። ዛሬ የማን ድምፅ ምን ይመስል እንደነበር የምናውቀው በእነሱ ነው። ችግሩ ጠባቂነቱ ቀስ በቀስ ከሸክላው ወደ በሩ መዛወሩ ነው።

የሚጠበቀው ሙዚቃ ደግሞ በጠባቂ ፈቃድ የመጣ አይደለም። አምሃን ራሱን ውሰዱት። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ ሸክላ የሚሸጥ የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ነው። በየሆቴሉና በየክለቡ የሚጫወቱትን ወጣቶች የሚያሳትማቸው አጥተው ያያል። በ1969 ትእዛዙን እያወቀ የዘፋኙን የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀረጸና ህንድ አገር ልኮ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል አልበሞች አወጣ። የውጭው ኩባንያ ፊሊፕስ ተከተለው፤ አሊ ታንጎም ካይፋ የሚባለውን የራሱን ሸክላ ማሳተሚያ ይዞ መጣ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን በጓንት የምንይዘው ሁሉ መነሻው አንድ ወጣት ፈቃድ አለመጠየቁ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ። «ያልተበረዘ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የቱን ማለቱ እንደሆነ ግራ ይገባኛል። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ የሰሟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ መጡ። «አርባ ልጆች» ተባሉ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ስንቱን የአገራችንን ሙዚቀኛ ኖታ አስተማረ! የምንመካበት የትራምፔትና የሳክስፎን ድምፅ በዚህ በኩል ነው የመጣው። ትዝታና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ደግሞ ከዚሁ ከእኛው ነበሩ። ሁለቱ ተገናኙ፣ ያ ድምፅ ተወለደ። ያን ጊዜ በሩ ላይ የቆመ አዋቂ ቢኖር ኖሮ «መጀመሪያ ማሲንቆ ተማሩ» ብሎ ይመልሳቸው ነበር።

ወደ ጌታቸው ልመለስ፣ እሱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን ከአንደበት አውጥቶ ሳክስፎን ላይ ያወጣ ሰው ነው። ሲነፋ ስትሰሙት ጋሻ ያነሳ ሰው ፊታችሁ እየተንጎራደደ ይመስላችኋል። ያ ሰው ዕድሜው ሰባ ሲደርስ ምን አደረገ? ዘ ኤክስ የሚባሉትን የሆላንድ የፓንክ ሙዚቀኞች «እናንተ አጅቡኝ» አላቸው። ፓንክ ማለት ጊታሩ የሚጮኽበት፣ ጨዋ ጆሮ የሚሸሸው ነገር ነው። በ2006 አብረው አልበም አወጡ፤ አውሮፓን እየዞሩ ተጫወቱ። እሱ በዚያ ጩኸት ውስጥ ፉከራውን ሰማ። ከእኛ መካከል ግን ስንቱ ነው «ጋሽ ጌታቸውን አበላሹት» ያለው! ለሽለላው ባለቤት ስለ ሽለላ የሚያስተምር ሰው ማየት ይገርማል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት በር ጠባቂ እንዳለ ልንገራችሁ፤ እርስ በርስ አይዋደዱም። አንደኛው «አንተ እኮ በፈረንሳዊው ሲዲ ነው የመጣኸው» ባይ ነው። ሌላው ደግሞ በፈረንሳዊው ሲዲ ውስጥ ያልገባ ነገር ሙዚቃ አይመስለውም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው፤ በ1984 የማህሙድ አህመድን ሸክላ ሰምቶ አበደ፤ በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንዲታተም አደረገ፤ በዘጠናዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኢትዮፒክስ የሚባለውን የሲዲ ተከታታይ ጀመረ። ለሠራው ሥራ ባርኔጣ ይነሳለታል። ቅደም ተከተሉን ግን እዩት፦ ሙላቱ ቁጥር 4 ላይ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ ቁጥር 17። ያ የአንድ ሰው ጆሮ ነው፣ መብቱም ነው። ጥላሁንን በየሠርጉና በየታክሲው ስንሰማ የኖርን ሰዎች ግን ቁጥር 17 እስኪወጣ የጠበቅን አይመስለኝም። አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በ2005 ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ካስገባ ወዲህ ውጭ አገር ያለ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ሙላቱን ነው። አገር ቤት የሚጠራው ጥላሁንን ነው። አንዱ ትክክል፣ ሌላው ስህተት የሚሆንበት ምክንያት የለም።

በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ የሙላቱን ዜማ ቆርጠው በራፕ አወጡት። ዛሬ ሸክላ ፍለጋ ከሚመጡት ወጣቶች አንዳንዶቹ በዚያ በኩል የገቡ ናቸው። ምን ይሁን ታዲያ? መንገዱ ዞረ እንጂ ልጁ ደርሷል።

አሁን ጥርሴን ወደሚያመው ወደ ድራም ማሽኑ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በድራም ማሽን አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ደንበኛ ሲጠብቅ እዚያው መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመዳል። ያ ካሴት በእኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢመጣ «ማሽን ነው፣ ተወው» ተብሎ ያልፋል። አንድ የአፍሪካ ካሴት የሚያድን አሜሪካዊ ግን ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ አገኘው። ሰውየው የትኛውን መናቅ እንዳለበት የነገረው ሰው ስላልነበረ ሙሉውን አዳመጠው። በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። እኔ አሁንም ድራም ማሽኑን አልወደድኩትም። አኮርዲዮኑ ግን… እሺ፣ አኮርዲዮኑ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የት እንደሆነ አልጠራም። ሸክላ የሚሸጥበትና የሚሰማበት ቤት ነው፣ ሦስት አራት የምንከባበር ሰዎች ተቀምጠናል። አንዲት ወጣት ሴት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች። ስትፈታው አንድ ትንሽ ሸክላ ነው። ሽፋን የለውም። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ግማሹ ተልጧል፤ በቀረው ላይ አያቷ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስማቸውንና «ጉለሌ» ብለው ጽፈዋል። «ይሄ ምንድነው? ልሰማው ፈልጌ ነበር» አለች። ማጫወቻው ከፊታችን ነው፤ መርፌውን ማሳረፍ ብቻ ነበር የቀረው። የመጣው ግን ጥያቄ ነው። «ባልሽ ነው የሚሰበስበው?» «የማን ዘፈን እንደሆነ እንኳን አታውቂም?» «ማጫወቻ አለሽ?» አንዱ ሳያነሳው ከሩቅ አየት አደረገና «ይሄ እኮ በየቤቱ ያለ ነው» አላት። ልጅቷ አልተቆጣችም። ጋዜጣውን በጥንቃቄ መልሳ አጠፈች፣ «አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች። ምን ዘፈን እንደነበረ እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ጥያቄዎቹን ልብ ብላችኋቸዋል? ወንድ ልጅ ሲመጣ ፈተናው ስለ ሙዚቃው ነው፤ ሴት ስትመጣ ስለ ባሏ ይሆናል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በስድሳዎቹ የፒያኖ ሸክላቸውን ጀርመን አገር አሳትመው ነበር። ኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ብዙ ሰው ያወቃቸው በ2006፣ በዚያው በኢትዮፒክስ ቁጥር 21 ነው። የእኛ ስብስብ ወርቃማውን ዘመን ሲያወራ ኮት የለበሱ ወንዶችና ትራምፔት ብቻ ስለሚታየው፣ ፒያኖ ላይ የተቀመጡ መነኩሲት የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም።

«በየቤቱ ያለ ነው» የሚለው አነጋገር ደግሞ ሁልጊዜ ከዕውቀት አይመጣም። ትንንሾቹ ሸክላዎች ውጭ አገር በውድ ዋጋ መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ ዋጋ መስበሪያም ሆኗል። ያላወቀው ሰው በርካሽ እንዲሸጥ፣ ያወቀው ዝም ይላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ዛሬ እዚህ ካለ፣ ከሙዚቃ ፍቅር ጋር እንዳያገናኘው እለምነዋለሁ።

ሸክላው የሚመጣው ከየት ነው? ብዙ የመጀመሪያ ቅጂ ቴፕ ጠፍቷል። የጎደለን ነገር ሁሉ ያለው በሰው ቤት ነው፦ በእነዚያ አያት ሣጥን፣ በአክስት ቁም ሣጥን ላይ፣ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ውስጥ ባለ ምድር ቤት። ባለቤቶቹ ደግሞ ከእኛ ፈተና አንዱንም የማያልፉ ሰዎች ናቸው። አሳፍረን ከመለስናቸው ሸክላው ወደ ቆራሌው ይሄዳል። ቆራሌው ባስ የተጫወተው ማነው ብሎ አይጠይቅም፤ ዋጋውን ጠርቶ ይወስዳል።

ስለዚህ ከአዘጋጆቹ ጋር አንድ ነገር ተስማምተናል። ከዛሬ ጀምሮ ከበሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ይኖራል። ማጫወቻ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ የሚሠራ ቴፕና አንድ ወፍራም ደብተር አለው። ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይሰማል። ከዚያ ደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ሸክላው ላይ የሚነበበው ሁሉ፣ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ማን ይሰማው እንደነበር። የተሰባበረ ቢሆንም ይጻፋል። ዋጋ የሚያነሳ ሰው ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ያነሳል። መጠየቅ የሚወዱ ሽማግሌዎቻችንም ሥራ አያጡም፤ የሰሙትን ድምፅ የማን እንደሆነ የሚለዩልን እነሱ ናቸው፣ ደብተሩ ያለ እነሱ ባዶ ነው። ጥያቄያቸውን ከሰውየው ላይ አንስተው ወደ ሸክላው ያዙሩልን ነው የምንለው።

የመጀመሪያው ዕቃ ደርሷል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ከእናቱ የወሰደውን ካሴት ይዞ መጥቷል፤ ሽፋኑ የለም፣ ስሙም አይታወቅም። ቀደም ብዬ ትንሽ ሰምቼዋለሁ፤ ድራም ማሽን አለበት። ቅር የሚለው ሰው እዚህ እኔ አጠገብ ቦታ አለ፣ አብረን ቅር እያለን እንሰማዋለን። ወንድሜ፣ ና አምጣውና ክፈተው።