እጅ ያልነካው ፓተርን

የተከበራችሁ የኪሮሽ ቤተሰቦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የበዓል ሰሞን አሻንጉሊቶች ዲዛይን» የሚል ነው። እደርስበታለሁ፣ አትስጉ። መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የከረመውን ላውጣ። ከእናንተ ሌላ ማን ይረዳኛል? ቤት ያሉት እንደሆነ ሰምተው ሰምተው ሰልችቷቸዋል።

ባለፈው የበዓል ሰሞን አንዲት ደንበኛዬ ስልኳን ይዛ መጣች። «ይቺን ሥሪልኝ» አለችኝ። ቀበሮ ናት። ትንሽዬ፣ ቀይ ኮፍያ ያጠለቀች፣ ስካርፍ የጠመጠመች። አንጀት ትበላለች። ስልኩን ተቀበልኩና ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁት። ሌላው ሰው ፊቷን ሲያይ እኛ የምናየው ቋጠሮዋን ነው አይደል? ታውቁታላችሁ፣ ክሩን በመርፌው ላይ ጠምጥመን ስንስብ ቋጠሮው «ቪ» ይመስላል፣ ከመርፌው ሥር ይዘን ስንስብ «ኤክስ»። እሷ ላይ ሁለቱም የሉም። ጭንቅላቷ ላይ ዙሩ አግድም ይሄዳል፣ ሆዷ ላይ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። በመሃል መጋጠሚያ የለ፣ የተሰፋበት የለ። አንዱ ጆሮዋ ኪሮሽ ነው፣ ሌላው ሹራብ። ስካርፉ ደግሞ ከአንገቷ በቅሏል፤ ጫፍ የለውም። የኮፍያዋን ዙር ልቁጠር ብዬ ስከተል ጆሮዋ ሥር ሲደርስ ጸጉር ሆኖብኝ ጠፋ።

«ይቺ ቀበሮ የለችም» አልኳት።

«እንዴት የለችም? ይኸው እያየሻት!»

«ኤአይ ነው የሠራው ፎቶ። በእጅ የሠራት ሰው የለም።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ካልቻልሽ አልችልም ማለት ነው እንጂ!» ብላኝ ሄደች። እስቲ ፍረዱኝ!

ይሁን። ደንበኛ ይመጣል፣ ደንበኛ ይሄዳል። ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኪሮሽ መያዝ ገና የጀመረች አንዲት ልጅ የእንደዚያችኑ ዓይነት ቀበሮ ፓተርን፣ ማለትም የአሠራር መመሪያ፣ ከኢንተርኔት ገዝታ መጣች። በገንዘቧ! እስቲ አንብቢልኝ አልኳት። መነሻው ቀለበት፣ ውስጡ 6 ቋጠሮ። ደህና። ሁለተኛው ዙር 12፣ ሦስተኛው 18። አሁንም ደህና። አራተኛው ዙር ላይ «6 ጭማሪ፣ ድምር 22» ይላል። 18 ላይ 6 ሲጨመር ስንት ነው? እዚህ አዳራሽ ውስጥ 24 የማይል ሰው አለ? ወረድ ስንል እግሮቹ የት እንደሚሰፉ አልተጻፈም። ጅራቱማ ጭራሽ ተረስቷል። ቀበሮ ያለ ጅራት!

ልጅቷ ስትሠራ ስትፈታ፣ ስትሠራ ስትፈታ፣ ክሩ ተልጦ ጸጉር አውጥቷል። ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እጄ አይረባም መሰለኝ፣ ልተወው።»

እጇ ምን አጠፋ? አንድም ቋጠሮ ያልቋጠረ ሰው ባዶ ወረቀት ሸጦላት፣ እሷ እጇን ትራገም? ገንዘቧን መውሰዱ አነሰና ሞራሏንም ወሰደው! ይሄ ሌብነት ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

አንዳንዱ «የቁጥር ስህተት የትም አለ፣ ምን ታካብጃለሽ» ይለኛል። በእኛ ሥራ ቁጥሩ ቅርጹ ራሱ ነው። በየዙሩ 6 ብንጨምር ክቡ ዝርግ ይሆናል። መጨመር ስናቆም ግድግዳው ይቆማል፣ ስንቀንስ ይዘጋል፣ ኳስ ይሆናል። ጭማሪው ሲበዛ ደግሞ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል። ዳይና ታይሚና የሚባሉ የሒሳብ ሊቅ በ1997 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የክር ጠባይ ይዘው፣ በወረቀት ለማሳየት አስቸጋሪ የነበረውን፣ ሃይፐርቦሊክ የሚሉትን እየተጨማደደ የሚሰፋ ገጽ በኪሮሽ ሠርተው አሳዩ። የሒሳብ ሊቅ ያከበረውን ቁጥር የፓተርን ነጋዴ ይቀልድበታል።

ኤአይ የሚባል ነገር አይነካ እያልኩ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ሰዎች ቻትጂፒቲ የሚባለውን ኤአይ ፓተርን ጻፍልን እያሉ፣ የወጣውን ጉድ ሠርተው ሲያሳዩ እኔም ስቄያለሁ። እነሱ ግን ከየት እንዳመጡት በግልጽ ተናገሩ፣ ደግሞም በእጃቸው ሠሩት። የዛሬዎቹ ምንጩን ይደብቃሉ፣ አይሠሩትም፣ ይሸጡታል።

ፓተርን እንዴት መከበር እንዳለበት ማየት የሚፈልግ ያቺን የኪሮሽ ኦክቶፐስ ይይ። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት መሥራት የጀመሯት ናት። ክሩ ጥጥ እንዲሆን ተወስኗል። ክንዷ ተስቦ ሲለካ ከ22 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል፣ ሕፃኑ ላይ እንዳይጠመጠም። እንዲህ ያለው ልክ በግምት አይጻፍም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሠርቶ፣ ስቦ፣ ለክቶ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ፓተርን የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይሥራው። ከዚያ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ያሠራው፤ ቢቻል ለጀማሪ፣ ምክንያቱም ባለሙያ ስህተቱን ሳያውቀው አርሞ ያልፋል። ይሄ በዛ?

ወደ ርዕሴ ልምጣ፣ ሰዓቴን እያሳዩኝ ነው። የበዓል ነገር በዓሉ ደጅ ሲደርስ አይጀመርም። የሚንጠለጠል ጌጥም ሆነ የጫጩት አሻንጉሊት፣ ቀደም ብላችሁ አንድ ናሙና ጨርሱ፣ ትእዛዝ የምትቀበሉት ከዚያ በኋላ ነው። የኪሮሽ መርፌውን ቁጥር የክሩ መጠቅለያ ከሚለው ቀነስ አድርጉ፣ አለዚያ ውስጡ የተሞላው ፋይበር በቀዳዳው ብቅ ይላል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የፕላስቲክ ዓይን አትግጠሙ፣ በክር ጥለፉት። ስለ ቀለም የጻፍኩት ነበረኝ፣ ይቅር።

አሁን የሽያጭ ጠረጴዛዎቹ ይከፈታሉ። ፓተርን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ የሠራችሁትን አሻንጉሊት አጠገቡ አስቀምጡ። ገዢዎችም አታፍሩ፣ አንሡና ገልብጡት። ጀርባውን እዩ፣ እግሩ የተሰፋበትን እዩ። አሻንጉሊት የሌለው ፓተርን ካጋጠማችሁ «የታለ?» በሉ። እኔም እየዞርኩ እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።