ከሰውየው በፊት ደረጃውን እንየው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ አብራችኋቸው የመጣችሁ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ትልቅ ሰው ደረጃ ላይ ሲወድቅ ቶሎ ከአፋችን የሚወጣው «ምነው ጠንቀቅ ቢሉ» የሚል ነው። እኔ ግን የምለምናችሁ ከሰውየው በፊት ደረጃውን እንድታዩት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ሰዎች ወድቀው ይሞታሉ። ከሁሉም በላይ የሚሞቱት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው።

ደረጃ መውጣት ያደክማል፤ አደገኛው ግን መውረዱ ነው። ስንወርድ መላ ክብደታችንን ለአፍታ በአንድ እግር፣ ያውም በታጠፈ ጉልበት እንሸከማለን። የጭን ጡንቻ ከሳሳ ጉልበት ይከዳል። በዚያ ላይ የሩቁም የንባቡም አንድ ላይ የተሠራበት መነጽር አለ። ቁልቁል ስናይ የምናየው በንባቡ በኩል ስለሆነ የደረጃው ጠርዝ ይደበዝዛል። ለደረጃ የሩቅ ብቻ የሆነ መነጽር ይሻል እንደሆነ የዓይን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ደረጃው ራሱስ? እግር ጥቂት እንደረገጠ ከፍታውን ይለምዳል፤ ከዚያ ሳናይ ነው የምንረግጠው። መሃል ላይ አንዱ በትንሹ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ያደናቅፋል። እሱን ማስተካከል ግንበኛ ይፈልጋል። ጠርዙን በደማቅ ቀለም መቀባት ግን ማንም ይችላል። የመብራት ማብሪያ ከላይም ከታችም ይኑር። መደገፊያው በሁለቱም በኩል ቢሆን አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ ጎኑን ስትሮክ ያደከመው ሰው ሲወጣ በደህና እጁ የያዘው መደገፊያ፣ ሲወርድ በደከመው እጁ በኩል ይሆንበታል።

እናቶች፣ አባቶች፣ ስትወድቁ አትደብቁን። ልጆቼ ይጨነቃሉ ብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ሐኪም ካወቀ ግን መድኃኒታችሁን ያያል፤ የእንቅልፍና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ያዞራሉ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ ደግሞ ቁስል ባይታይም ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።

ልጆች፣ እናንተም «ከእንግዲህ ከወንበር እንዳትነሱ» አትበሏቸው። ያልሠራ እግር ይዝላል፤ የዛለ እግር ይበልጥ ይወድቃል። ከወንበር መነሳትና መቀመጥን ደጋግሞ መለማመድ እንኳ ጭንን ያጠነክራል። አብራችኋቸው ሥሩ።

ማታ ቤት ስትገቡ የደረጃውን መደገፊያ ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከተነቃነቀ ነገ አስጠብቁት።

አመሰግናለሁ።