«ድረሱልኝ» የሚለው ድብ

[ጥቁር ስክሪን። ከሩቅ የሴት ድምፅ ይሰማል፦ «ድረሱልኝ…»]

ልጆች ሳለን አያቴ አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ነበራቸው። ከመሸ በኋላ ስማችሁ ከደጅ ቢጠራ፣ ድምፁ የምታውቁት ሰው ድምፅ እንኳ ቢሆን፣ «አቤት» እንዳትሉ። ጠሪው ማን እንደሆነ አይነግሩንም። እኛም አንጠይቅም፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫችን ስበን እናዳምጣለን። አስፈሪ ፊልም ባየሁ ቁጥር ያ ሌሊት ትዝ ይለኛል። ጥርሱና ጥፍሩ የሚያስፈራ ጭራቅ ብዙ አይቻለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ድምፁ የሚያስፈራው ነው።

ድራኩላንና ጎድዚላን የማያውቅ የለም። ዛሬ የማወራላችሁ በፊልሙ ውስጥ ስም እንኳ ስላልተሰጠው ድብ ነው። ትዕይንቱን በዝርዝር ስለምናገር፣ ፊልሙን ሳታዩ መስማት የማትፈልጉ እዚህ ላይ አቁማችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

[ምስል፦ ጥቅጥቅ ያለ ደን፤ እንደ ሳሙና አረፋ ቀለሙ የሚለዋወጥ ግርዶሽ]

ፊልሙ «አናያሌሽን» ይባላል። አሌክስ ጋርላንድ ያዘጋጀው ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከጠፈር የመጣ አንድ ነገር በባሕር ዳርቻ ባለ የመብራት ማማ ላይ ይወድቃል፤ አካባቢውም በሚያንጸባርቅ ግርዶሽ ይሸፈናል። ከግርዶሹ ወዲያ የገባ ሁሉ ተፈጥሮው ይደበላለቃል። አዞው የሻርክ ጥርስ ያበቅላል፤ ቁጥቋጦው የሰው ቅርጽ ይዞ ይቆማል። አምስት ሴቶች ምስጢሩን ሊመረምሩ ይገባሉ። ከአምስቱ አንዷን፣ ካስን፣ ድብ በሌሊት ነጥቆ ይወስዳታል። በማግስቱ አስከሬኗ ሲገኝ ጉሮሮዋ ተዘንጥሏል።

ጉሮሮዋን ልብ በሉ።

ሌላ ሌሊት፣ ሰው ጥሎት የሄደ ቤት። ፍርሃት አእምሮዋን ያናወጣት አንያ ሦስቱን ጓደኞቿን ወንበር ላይ አስራ ታፋጥጣቸዋለች። በዚህ መካከል ከውጭ ጩኸት ይሰማል። የካስ ድምፅ ነው። አንያ ድረሱልኝ ባይዋን ፍለጋ ሮጣ ትወጣለች፤ ወደ ቤቱ የሚገባው ግን ድቡ ነው።

ፊቱ ላይ ቆዳ የለም፤ የራስ ቅሉ አግጥጧል። በአንድ ጎኑ የሰው የራስ ቅል የሚመስል ነገር ተጣብቆበታል። በታሰሩት ሴቶች መካከል ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ አንገታቸው ሥር ገብቶ ያሸታል። ሴቶቹ መሮጥ ቀርቶ መተንፈስ አይችሉም። ከዚያ አፉን ይከፍታል። ከዚያ አፍ የሚወጣው የካስ «ድረሱልኝ» ነው።

ይህ ትዕይንት ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥብኝ ድቡ ተንኮለኛ ስላልሆነ ነው። ሰው ለማታለል ብሎ ድምፅ የሚሰርቅ አይመስልም። ከሴቶቹ አንዷ፣ ጆሲ፣ በኋላ እንደምትለው፣ ካስ ስትሞት የአእምሮዋ ቁራጭ ከሚገድላት አውሬ ጋር ተዋሕዷል። ከሰውየዋ ሁሉ የተረፈው የመጨረሻዋ ደቂቃ ፍርሃት ብቻ ነው፤ ድቡ አፉን በከፈተ ቁጥር ያቺ ደቂቃ ትደገማለች። እኔ እንግዲህ ከዚህ የከፋ ሞት በፊልም አላየሁም።

ታዲያ ለምን አልታወቀም? አንዱ ምክንያት አከፋፈሉ ይመስለኛል። የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት ፊልሙን በሲኒማ ቤት ያሳየው በአሜሪካ፣ በካናዳና በቻይና ነው፤ የቀረው ዓለም ያየው በኔትፍሊክስ ነው። በድምፅ የሚያስፈራ ጭራቅ በስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ግማሹ ይጠፋል።

[ምስል፦ ጨለማ ሜዳ፤ ከሩቅ የጅብ ድምፅ]

ነገሩ ለእኛ አገር ጆሮ እንግዳ አይደለም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ ጅብ ሲጽፍ፣ እረኞች በሚያድሩበት አካባቢ የሰው ድምፅ እንደሚያስመስል፣ የአንዱንም ስም ለይቶ ከተማረ በኋላ ወደ ውጭ ጠርቶ እንደሚዘነጥለው ይተርካል። እዚያው ላይ፣ ከጅብና ከኢትዮጵያ እንስት አንበሳ የሚወለድ ኮሮኮታ የተባለ አውሬ የሰውንም የከብትንም ድምፅ ይመስላል ይላል። በዚያ ዘመን ጸሐፊዎች አፍ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ሰፊ ምድር ነው። ቢሆንም ይህን ሳነብ አያቴና ፕሊኒ አንድ እሳት ዳር የተቀመጡ መሰለኝ።

ከድቡ ጋር የሚዛመድ ሌላም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የጆርዳን ፒል «ኖፕ» ውስጥ ያለው፣ ጂን ጃኬት ተብሎ የሚጠራው ፍጡር። ሲያዩት በራሪ ሳሕን ይመስላል። መንኮራኩር ሳይሆን ደመና ውስጥ አድብቶ የሚያድን እንስሳ ነው፤ ሽቅብ ያየውን ይበላል። መጨረሻ ላይ ሲዘረጋ እንደ ነጭ ነጠላ ሰማይ ላይ ይንሳፈፋል። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለዚህ ውበቱ ነው። እኔ ግን የምመልሳችሁ ከዚያ በፊት ወዳለው ሌሊት ነው፦ የዋጣቸውን ሰዎች ይዞ በቤቱ ጣሪያ ላይ ሲያልፍ፣ ከሰማይ የብዙ ሰው ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ጩኸቱ ይቆማል፤ ደምና ያልተፈጨለት ብረታ ብረት እንደ ዝናብ ይወርዳል። የድምፁ ባለሙያ ጆኒ በርን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በሌላ ፊልም ኦስካር ያገኘው። የዚህኛው ሥራው ግን ያንሳል ብዬ አላምንም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የኒል ማርሻልን «ዘ ዲሴንት»ም ሳልጠቅስ አላልፍም። ዋሻ ውስጥ የሚኖሩት ዓይነ ስውር ፍጡሮች በጆሮ ያድናሉ። «ድምፅ ካሰማህ ትሞታለህ» የሚለውን ፍርሃት ብዙ ተመልካች ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ኤ ኳየት ፕሌስ» በተባለ ሌላ ፊልም ነው፤ እነዚህ ግን ቀድመውታል። ማርሻል ተዋናዮቹ የመጀመሪያው ትዕይንት እስኪቀረጽ ድረስ ፍጡሮቹን እንዳያዩ ደብቋቸው ነበር።

ወደ ድቡ ልመለስ። «አናያሌሽን»ን ዛሬ ማታ የምታዩ ከሆነ ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ድቡ ቤቱ ውስጥ ሲገባ ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ ጊዜ ብቻ አዳምጡት። ሲያገሳ እንኳ ከግሳቱ ሥር ሴት ልጅ ትጮኻለች።