ያልፈረመው ጆን ዲኪንሰን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ስላልፈረመው ጆን ዲኪንሰን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፣ እንዳትደናገሩብኝ።

ሴፕቴምበር 1775 ነው። ጆን አዳምስ ፊላዴልፊያ ውስጥ መንገድ ላይ ከጆን ዲኪንሰን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሁለቱም በአሜሪካ ያሉት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች የሚሰበሰቡበት የኮንግረሱ አባላት ናቸው። ሲተላለፉ ክርናቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። አዳምስ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። ዲኪንሰን ባርኔጣውንም፣ ራሱንም፣ እጁንም ሳያነቃንቅ አለፈው። አዳምስ ነገሩ ከነከነው፤ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አሰፈረው።

ዲኪንሰን ግን መቀየሙ አይፈረድበትም። አዳምስ ጁላይ ላይ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሀብቱ ትልቅ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ አንድ ሰው ሥራችንን ሁሉ የጅል አስመሰለብን ብሎ ነበር። እንግሊዞች ደብዳቤውን ያዙትና ጋዜጣ ላይ ወጣ። ስም አልጠራም፤ ግን ማንን እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። የዛሬ ስክሪንሾት በሉት።

የሚገርመው፣ ዲኪንሰን ፈሪ ወይም የንጉሥ አሽከር ተብሎ የሚታለፍ ሰው አይደለም። በ1732 ሜሪላንድ ተወለደ፣ ደላዌር አደገ፣ ለንደን ሄዶ ሕግ ተማረ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1767 በመስታወት፣ በወረቀት፣ በቀለም፣ በእርሳስ ብረትና በሻይ ላይ ቀረጥ ሲጥል፣ ብዕሩን ያነሳው እሱ ነው። ራሱን «የፔንሲልቬኒያ ገበሬ» ብሎ 12 ደብዳቤ ጻፈ። ገበሬ ስትሉ በሬ የሚነዳ እንዳይመስላችሁ፤ የናጠጠ ጠበቃ ነው። ደብዳቤዎቹ ከጋዜጣ ጋዜጣ ተገልብጠው ቅኝ ግዛቶቹን አዳረሱ። ክርክሩ ቀላል ነበር፤ ፓርላማው ንግድን ልቆጣጠር ቢል አንድ ነገር ነው፣ ሳንወከል ከኪሳችን ገንዘብ ልውሰድ ካለ ግን አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በሰባተኛው ደብዳቤ፣ ሳይስማማ ግብር የሚጣልበት ሰው ባሪያ ነው፣ ስለዚህ እኛ ባሪያዎች ነን ይላል። ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ ብዙ ሰዎችን በባርነት የያዘ ባለ ርስት ነበር። ሳነበው ደሜ ይፈላል። በ1777 በቅድመ ሁኔታ ነፃ እንዲወጡ ጻፈ፤ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የለቀቃቸው በ1786 ነው። ባሪያዎቻቸውን ሳይለቁ ከሞቱት እኩዮቹ ይሻላል፤ ግን ባሪያ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው አልነበረም። ግቢው ውስጥ ነበሩ።

ወደ ጠቡ ልመለስ። በ1775 ጦርነቱ ተጀምሯል፣ ደም ፈስሷል። ዲኪንሰን፣ ለንጉሡ አንድ የመጨረሻ አቤቱታ እንላክ አለ። ኮንግረሱ እያጉረመረመ ፈረመ። ጆርጅ 3ኛ አልቀበልም አሉ፤ ጭራሽ ቅኝ ግዛቶቹ አምፀዋል ብለው አወጁ። አዳምስ «አላልኳችሁም?» የሚልበት ቀን መጣ።

ጁላይ 1 ቀን 1776 የነፃነት ጉዳይ ለክርክር ቀረበ። ዲኪንሰን ተነሳ። ገና ከመናገሩ፣ የዛሬው አቋሜ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ የነበረውን፣ አሁን ከልክ በላይ የቀነሰውን ተወዳጅነቴን ጨርሶ ይቀብረዋል ብሎ ጀመረ። ሰውዬው የሚመጣበትን ያውቃል! ከዚያ ምክንያቱን ደረደረ። የውጭ አጋር የለንም፤ ፈረንሳይ ምን እንደምትል አላወቅንም። በመካከላችን የሚያስተሳስረን ስምምነት አልተፈረመም። የድንበር ውዝግባችን አልተቋጨም። ይህን ሳናደርግ ነፃነት ማወጅ በወረቀት ጀልባ ማዕበል መጋፈጥ ነው አለ። የእኛ ሰው ቢሆን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ ይቀመጥ ነበር።

በዚያ ቀን የፔንሲልቬኒያ ተወካዮች 4 ለ 3 ነፃነትን ተቃወሙ። በማግስቱ የደላዌሩ ተወካይ ሲዛር ሮድኒ ሌሊቱን በዝናብ ጋልቦ ደርሶ ለሁለት የተከፈለችውን ደላዌርን ወደ ነፃነት አዞራት። ዲኪንሰንና ሌላው የፔንሲልቬኒያ ተወካይ ሮበርት ሞሪስ ግን ድምፅ ሲሰጥ ወንበራቸው ላይ አልነበሩም። የፔንሲልቬኒያ ድምፅ 3 ለ 2 ተገለበጠ። አሥራ ሁለት ቅኝ ግዛቶች ደገፉ፣ ኒው ዮርክ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፣ የተቃወመ አልነበረም።

እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው። ያላመነበትን «አምናለሁ» አላለም። ገብቶም አላደናቀፈም። ቀረ በቃ። ብዙ ሰው ይህን ሽሽት ይለዋል። እኔ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሄደበትን እዩ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ የሚሊሻ ሻለቃውን ይዞ ወደ ኒው ጀርሲ፣ ኤሊዛቤትታውን ዘመተ፤ እንግሊዞች ከፊት ለፊት ስታተን ደሴት ላይ ሰፍረዋል። እሱ ግንባር ላይ እያለ ፔንሲልቬኒያ ከተወካይነት አነሳችው። በ1777 ደግሞ በደላዌር ሚሊሻ ውስጥ እንደ ተራ ወታደር ጠመንጃ ተሸከመ። አስቡት፤ ኮሎኔል የነበረ ሰው፣ ከአገሩ ሀብታሞች አንዱ። «ዘምቱ» ብለው ከፈረሙት ስንቶቹ ዘመቱ?

እኔ ራሴ ስብሰባ ላይ «ቆይ እስቲ» የምል ሰው ነኝ። «ቆይ» ያለ ሰው «አይሆንም» እንዳለ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ለዲኪንሰን ማድላቴ። ግን እውነቱን እንናገር፣ አዳምስም ቢሆን ልክ ነበር። ንጉሡ እንደማይሰሙ ቀድሞ ገብቶታል። ሁሉም ሰው እንደ ዲኪንሰን ቢያስብ ኖሮ እስከ መቼ አቤቱታ ሲጽፉ ይኖሩ እንደነበር እንጃ። ይልቅ «አገር መጀመሪያ ትሠራ፣ ከዚያ ትታወጅ» ያለው ነገር በኋላ ራሱን አሳየ። ግዛቶቹን ያስተሳሰረውን የመጀመሪያውን የኮንፌዴሬሽን ስምምነት ያረቀቀው እሱ ነው፤ የሌሎቹ እጅ ከገባ በኋላ ግን ማዕከላዊው መንግሥት ይበልጥ ተዳክሞ ወጣ፤ ግብር መሰብሰብ እንኳ አይችልም ነበር። በ1787 እንደገና ፊላዴልፊያ ተሰበሰቡ፣ ሕገ መንግሥት ሊጽፉ። ዲኪንሰንም ደላዌርን ወክሎ መጣ፤ ትንንሽ ግዛቶች በሴኔቱ እኩል ድምፅ ይኑራቸው ብለው ከተሟገቱት አንዱ ነው።

ሊፈረም ሲል ታመመና ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄደ። የሥራ ባልደረባውን ጆርጅ ሪድን «ስሜን ጻፍልኝ» ብሎ አደራ አለው። ሪድም ከራሱ ስም ጋር የእሱንም ጻፈ። ዛሬ ሰነዱን ብታዩ የሁለቱም ስም በአንድ ሰው እጅ ነው የተጻፈው።

በሉ፣ ሰላም ቆዩኝ።