ያቋረጡትም ይጠየቁ

የተከበራችሁ የግብርና፣ የፋይናንስና የኦዲት ባለሙያዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

የጀማሪ አርሶ አደሮች ድጋፍ ሪፖርት ሲከፈት መጀመሪያ የሚገኘው ያው የለመድነው ገጽ ነው፦ ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ብድር ተለቀቀ፣ ከተያዘው በጀት ይህን ያህል በመቶ ሥራ ላይ ዋለ። ገንዘብ መውጣቱን ይነግረናል። ድጋፉ ካበቃ ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱ አሁንም ያርሳል? ከሚያርሱትስ መካከል ያለ ድጋፉም ማረሳቸው የማይቀር የነበሩት ስንቶቹ ናቸው? ለእነዚህ መልስ የለውም።

የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የወላጆቹን መሬትና ትራክተር የሚረከብ ወጣት ድጎማውን ቢያገኝም ባያገኝም ወደ እርሻው ይገባል። እሱን የፕሮግራሙ ፍሬ አድርጎ መቁጠር ራስን መሸንገል ነው። መሬትም መያዣም የሌለው አመልካች ግን ያለ ድጋፍ በሩን አያልፍም። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ ተጠቃሚ ናቸው።

የአውሮፓ ኅብረት የኦዲት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ሪፖርት እዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ኅብረቱ ከ2007 እስከ 2020 ለወጣት አርሶ አደሮች የመደበው ገንዘብ 9.6 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። ከ2005 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ዕድሜያቸው እስከ 44 ዓመት የሆኑ አርሶ አደሮች ቁጥር ከ3.3 ሚሊዮን ወደ 2.3 ሚሊዮን ወረደ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ገንዘቡ ባከነ ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የአርሶ አደሩ ጠቅላላ ቁጥርም ከ14.5 ሚሊዮን ወደ 10.7 ሚሊዮን ወርዷል፤ ስለዚህ የወጣቶቹ ድርሻ ከ20 በመቶ ትንሽ ከፍ እንዳለ ቆየ። ታዲያ ድርሻውን ያቆየው ድጋፉ ነው? ይህንንም ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም። ኦዲተሮቹ አጥብቀው የተቹት የድጋፉን አሰጣጥ ነው፤ በተለይ በሄክታር የሚከፈለው ገንዘብ የተቀባዩን ችግር ሳይለይ በአንድ ወጥ መልክ መሰጠቱን። በሥራ ዕቅድ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ድጋፍ የተሻለ ያነጣጠረ ሆኖ አግኝተውታል። በእኔ እምነት በሄክታር የሚከፈል ድጎማ መሬት ላለው ይጨምራል እንጂ መሬት ለሌለው መግቢያ አይሆንም።

“ጀማሪ” የምንለው ማን እንደሆነም አስቀድሞ ይለይ። በአውሮፓ ድጋፉ የሚለካው በዕድሜ ነው፤ ጣሪያው ባብዛኛው 40 ዓመት ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ደግሞ በሥራ ልምድ ይለካል፤ እርሻ ከጀመረ ከ10 ዓመት ያልበለጠው ሁሉ ጀማሪ ነው። በ50 ዓመቱ ማረስ የጀመረ ሰው በአንዱ ይካተታል፣ በሌላው አይካተትም። የሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር እንግዲህ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የድጋፉን ውጤት ወደምንለካበት ዘዴ ልለፍ። አመልካቾች በነጥብ ተመዝነው ድጋፉን የሚያገኙበት ማለፊያ 70 ነጥብ ነው እንበል። 71 ያገኘውና 69 ያገኘው አመልካች በአቅም እምብዛም አይለያዩም፤ የሚለያዩት አንዱ ድጋፉን በማግኘቱ ነው። ከዓመታት በኋላ የሁለቱን ወገኖች ማሳ፣ ገቢና ዕዳ ማወዳደር ስለ ድጋፉ ከየትኛውም የእርካታ መጠይቅ የበለጠ ይነግረናል። ችግሩ፣ ውድቅ የተደረጉትን ማመልከቻዎች አብዛኛው ቢሮ አያስቀምጥም፤ ማነጻጸሪያችንን በእጃችን እንጥለዋለን።

ጊዜም ይመርመር። ለዘርና ለማዳበሪያ የተፈቀደ ገንዘብ የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ሲደርስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ገበሬው እስከዚያ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ዘርቷል፤ የመንግሥት ገንዘብ ሲመጣ የአበዳሪውን ወለድ ይከፍልበታል። ሒሳብ ክፍሉ ግን “ሙሉ በሙሉ ተለቋል” ብሎ ይመዘግባል፤ አልዋሸም። የተፈቀደበትንና እጅ የገባበትን ቀን ከዘር ወቅቱ ጋር የሚያስተያይ አንድ ዓምድ ብቻ ቢጨመር ነገሩ ይገለጣል።

የቀጣዩ ዙር በጀት ሲቀረጽ ድጋፉ ካበቃ በኋላ ላለው ክትትል የሚሆን ገንዘብ አብሮ ይያዝ። ያቋረጡትም ተፈልገው ይጠየቁ። መሬቱን አከራዩ ነጥቆት ይሁን፣ ገበያ አጥቶ፣ ወይስ የተሻለ ሥራ አግኝቶ እርሻውን የተወው ሰው ራሱ ያውቃል፤ ለሦስቱም መፍትሔው የተለያየ ነው።

አመሰግናለሁ።