ሎን ቼኒ፦ በእጁ መናገር የተማረ ልጅ

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፤ የአንድ ሰው ሁለት እጆች]

እነዚህን እጆች ልብ ብላችሁ ተመልከቱልኝ። ስለ ድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ተዋናይ ስለ ሎን ቼኒ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ፊቱ ነው፤ «ባለ ሺህ ፊቱ ሰው» ይሉት ነበርና። እኔ ግን ከእጁ እጀምራለሁ።

ቼኒ እ.ኤ.አ. በ1883 በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ተወለደ። አባቱም እናቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። በዚያ ቤት ጨዋታውም ቁጣውም በእጅና በዓይን ነው። ገና ልጅ ሳለ እናቱ በቁርጥማት አልጋ ላይ ዋሉ፤ እርሱም ትምህርቱን አቋርጦ አስታመማቸው። ውጭ ያየውን ሁሉ አጠገባቸው ቆሞ በአካሉ እያስመሰለ ያሳያቸው ነበር። ከዚህ የበለጠ የትወና ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል?

[ምስል፦ የድሮ ሲኒማ አዳራሽ]

ከመድረክ ወደ ፊልም ከተሻገረ በኋላ ለዓመታት በትንንሽ ሚናዎች ቆየ። ስሙ የተነሣው በ1919 «ዘ ሚራክል ማን» ላይ ነው፤ ሽባ መስሎ ሰው የሚያታልል አጭበርባሪ ሆኖ ተጫወተ። ከዚያ ወዲያ ለራሱ አካል አልራራም። በ1920 «ዘ ፔናልቲ» ላይ እግሮቹ የተቆረጡበትን ሰው ለመሆን እግሮቹን ወደ ኋላ አጥፎ ጠፍሮ በጉልበቱ ሄደ።

በ1923 ደግሞ በፊልም የፓሪሱን የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ጎባጣ ደወል ደዋይ ኳሲሞዶን ሆነ። ኳሲሞዶ መስማት የተሳነው ነው። ብዙዎች የሚያደንቁት ጉብታውን ነው፤ እኔን የሚነካኝ ግን ሰዎች ሲጮኹበት ፊታቸውን የሚያይበት ዓይኑ ነው። ያንን አስተያየት ቼኒ ከቤቱ ያውቀዋል።

[ምስል፦ ኦርጋን የሚጫወት ጭምብል ያጠለቀ ሰው]

«ዘ ፋንተም ኦቭ ዘ ኦፔራ» በ1925 ወጣ። ጭምብሉ ሲገፈፍ የሚታየውን አስፈሪ ፊት የሠራው ራሱ ቼኒ ነው፤ ሜካፑን ለሌላ ሰው አይሰጥም ነበር።

ፊልም ድምፅ ማውጣት ከጀመረ በኋላም ቼኒ ብዙ ቆየና በ1930 ብቸኛውን ባለ ድምፅ ፊልሙን «ዘ አንሆሊ ስሪ»ን ሠራ። በአምስት ልዩ ልዩ ድምፅ ተናገረ፤ ሁሉም የራሱ መሆናቸውንም በፊርማው አረጋገጠ።

[ምስል፦ እንደገና እጆቹ]

ፊልሙ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በነሐሴ ወር፣ በካንሰር ሞተ። 47 ዓመቱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጉሮሮው ከድቶት ቃል ማውጣት ሲያቅተው፣ አጠገቡ ላሉት የሚፈልገውን የነገራቸው በእጆቹ ነበር።